የሦስት ጠርሙስ ውኃ

ይድረስ ለጌትዬ፤

ጅጅጋ አፈር ካለበስንህ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል፤ አንተን እንዲያ ብዬ ብጠይቅ ትስቅብኛለህ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ።

ቤቱ ደህና ነው። ያ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የምንደቅንለት ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ተቀይሯል። እዚህ ሀርጌሳ፣ ሰፈራችን 26 ጁንን ብታየው አታውቀውም፤ የድሮው ጦርነት ግድግዳውን ብቻ ትቶት የነበረው የጎረቤታችን ቤት ፎቅ ሆኗል፣ ባጃጅም በራችን ድረስ ይገባል። አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል አሁንም አልተኛም። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ፍራሹን አጎድጉደኸዋል።

31 ሜይ ሰፈር ያለው ክሊኒካችንም አዲስ የሕፃናት ሐኪም መጥቶለታል። ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ጉሮሮ አይቶ ሲያበቃ ነው ልብ የሚያዳምጠው። አንተ የማዳመጫህን ጫፍ ብብትህ ውስጥ አሙቀህ፣ ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ መጀመሪያ ልቡን ትሰማ ነበር፤ አንዴ ካለቀሰ ምን ይሰማል ትላለህ። አዋቂ ስለ ሕመሙ ይዋሻል፣ ሕፃን አይዋሽም፤ ግን አይናገርም ትል ነበር። ተቅማጥ ውኃውን የጨረሰበት ልጅ ድኖ ጋውንህ ላይ ሲሸናማ ደስታህ ለብቻው ነው። ጋውኑን የማጥበው እኔ ስለነበርኩ ደስታው እኩል አልደረሰኝም።

ወደ ነገሬ ልምጣ። የምጽፍልህ ባለፈው ሳምንት ሆዳን ስለመጣች ነው። የኢፍራህ እናት። ኢፍራህን አልረሳሃትም።

አገር ቤት እንደለመድከው ለእናቶቹ አንዱን ፓኬት ኦ አር ኤስ፣ የተቅማጡን ዱቄት፣ በሦስት የቢራ ጠርሙስ ውኃ በጥብጡ ትላቸው ነበር። በሠራህበት ገጠር ሊትር መለኪያ ያለው ቤት የለም፣ የቢራ ጠርሙስ ግን አይጠፋም፤ ሦስቱ አንድ ሊትር ይሆናል። ሀርጌሳ ላይ ደግሞ የቢራ ጠርሙስ ከየት ይመጣል። አንተ ከመጣህ ገና ሁለት ወርህ ነው፣ ይህን አላሰብከውም። እኔ ነርሷ፣ ጅጅጋ ተወልጄ በሶማልኛ አፌን የፈታሁት፣ አስተርጓሚህ፣ አስቤው ነበር። እንደዚያውም ክርስቲያኑ ሐኪም እያሉ በጎን ያዩናል፤ በዚያ ሁሉ እናት ፊት ቢራ ብል ልጆቻቸውን አንሥተው ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ። ሦስት ጠርሙስ አልኩና አለፍኩ። ለስላሳ መጠጥ ባለቀበት ጠርሙስ ይለኩታል ብዬ ገመትኩ፤ እሱ ከቢራው ብዙም አይርቅም። ለአንተም አልነገርኩህም፤ ይህን ያህል ነገር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ሆዳን ቤት የነበረው ትልቁ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ነው። እሱን ሦስት ጊዜ ሞልታ አንዱን ፓኬት በጠበጠችበት፤ አራት ሊትር ተኩል። በሦስተኛው ቀን የዓመት ልጇን እያንቀጠቀጣት ይዛት መጣች። ሰውነቷ ጨው አጥቶ ነበር።

ልጅቷ እስክትረጋጋ አልተቀመጥክም። ከዚያ አያቷ በበሽተኛው ሁሉ ፊት ወረደችብህ። ተርጉሚልኝ አልከኝ። ያን ቀን አንድ ቃል አላስቀረሁም፤ ስድቡን እስከ ዘር ማንዘርህ አደረስኩልህ። አንገትህን ደፍተህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ በያቸው አልከኝ። አልኩ። በገዛ አፌ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ ሁሉም ያንተ አድርገው ሰሙት። እኔም ተውኩት።

በማግስቱ ከገበያ ቢጫ ጆግ ገዝተህ፣ አንድ ሊትሩ የሚደርስበት ላይ በጥፍር ቀለሜ መስመር አሰመርክ። ምን ብለሽ ተረጎምሽ ብለህ አልጠየቅከኝም። ሶማልኛ አጥብቀህ መማር የጀመርከውም ያኔ ነው፤ እኔ ገበያ ላይ ለመከራከር መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ልነግርህ ስል፣ ዛሬ ደክሞታል፣ ነገ ይሻላል እያልኩ ቀረ። ከዚያ ነገ የሚባለው አለቀ።

እና ሆዳን ትንሹን ልጇን ልታስመዝን መጣች። ኢፍራህ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ትሰላቻለች፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ሳያት አላስቻለኝም። ሆዳንን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላም ልጆቿን ሌላ ሐኪም ጋ ሳትወስድ ለእኛ ያመጣች ሴት ናት፤ ብትረግመኝ አይፈረድባትም።

አውቃለሁ አለችኝ።

ያኔ ኢፍራህ ክሊኒክ ተኝታ ሳለ፣ እኔ ልብስ ልቀይር ቤት በሄድኩበት ሰዓት ብቻህን አልጋዋ ጋ ሄደህ ነበር አለች። በዚያ በተሰባበረ ሶማልኛህና በእጅህ ምልክት፣ የቢራ ጠርሙስ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ አፍራ ነው ያስቀረችው፤ የት አገር እንዳለሁ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ በእሷ አትያዢባት አልካት። ለእኔ እንዳትነግረኝም አደራ አልካት። ቢራ በሶማልኛም ያው ቢር ነው፤ ስተረጉም ከአፌ እንዳልወጣ ጆሮህ ይዞታል ማለት ነው።

ጌትዬ፣ ተናደድኩብህ። እኔ በሆዴ የያዝኩትን አንተም በሆድህ ይዘኸው ከአንድ ትሪ ስንበላ ኖርን። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ይመስለኛል። ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፤ ከተቀበርክ ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ዛሬ ጧት እንደየሰኞው ቢጫውን ጆግ ይዤ እናቶቹ ፊት ቆምኩ። መስመሩ ሲደበዝዝ በአዲስ ቀለም እየደገምኩት እስካሁን አለ። ሳላሳይ በፊት ነገርኳቸው። ባሌ፣ ዶክተር ጌታቸው፣ ሦስት የቢራ ጠርሙስ ይል ነበር፣ እኔ አፍሬ ቃሉን አስቀረሁት፣ አንዲት ልጅ ልትሞት ነበር አልኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። አንዲት አሮጊት አስተግፊሩላህ አለች። ሌሎቹ መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ማንም ልጁን አንሥቶ አልወጣም።

እስካለሁ ድረስ በየሰኞው እነግራቸዋለሁ፤ ስምህን ጠርቼ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር።

ባለቤትህ
አልማዝ