ላሟን ያለቡት እጆች

እሁድ፣ ፌብሯሪ 16 ቀን 1964። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፤ ነፋስ የለም። በጎረቤታችን በካይሱ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥነው ካይሱ፣ ባለቤቴ አርቪና እኔ ነበርን።

ውድ ራውኒ፣

«እርስዎ» ብዬ ልጀምር ስል ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። የገላሽ ሙቀት ያልወጣለትን ሸሚዝሽን የለበሰች ሴት «እርስዎ» ማለት አይሆንላትም። ረስተሽኛል ብዬ ነበር የኖርኩት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንዳልረሳሽኝ አወቅሁ፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

እኔ ሳይሚ ነኝ። በ1948 ጁን ላይ ፊልም ልታነሱ ወደ መንደራችን ስትመጡ ላም የማልብ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንቺም ሃያ ሁለት ነበርሽ። የአላቢዋን ሚና የምትጫወቺው አንቺ ነሽ፤ ኦሜና የምትባለው ላማችን ግን ባንቺ እጅ ጠብታ አልሰጥም አለች። በሦስተኛው ቀን ባልዲውን ረግጣ ደፋችው። ዳይሬክተሩ «እጅ አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ፣ እጅ ከሱቅ የሚገዛ ይመስል። እኔን አመጡኝ። ከጎተራው ኋላ ሸሚዝሽን አውልቀሽ ሰጠሽኝ፤ ሽቶሽ አንገቴ ላይ ቀረ። ካሜራው ያየው ከክርኔ በታች ያለውን ብቻ ነው። ሲያበቃ ዳይሬክተሩ ለማንም እንዳልተነፍስ ቃል አስገባኝ። አንቺ ትንሽ የእጅ ቅባት ሰጥተሽኝ «ምን ያለ እጅ ነው ያለሽ! በቃ አውሺኝ» ብለሽ ሳቅሽ።

አዋስኩሽ።

ያን ሳምንት እጮኛዬ አርቪ በወንዙ ላይ የተቆረጠ ግንድ እያንሳፈፈ ሲነዳ ነበርና አላየም። ፊልሙ ከተማ ሲገባ አብረን ሄድን። አላቢዋ ላሟ ሥር ስትቀመጥ እጆቼ ሸራውን ሞሉት። ማለብ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ የማደርገውን አድርጌ ነበር፤ ላሟ እንዳትደነግጥ የግራ እጄን ጀርባ ጭኗ ላይ አሳርፌ ትንሽ እጠብቃለሁ። አርቪ እጄን ጨበጠ። አወቀኝ አልኩ።

«እጇን አየሽው?» አለኝ። «እንዲህ ያለ እጅ ያላት ሴት የገባችበት ቤት አይቀዘቅዝም።»

ይህን ሲለኝ እጄ በእጁ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ስድስት ጊዜ ተመልሶ አየው። በኛ አገር እንደምታውቂው ማለብ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ በማለቢያ ሰዓት በረት ቢገባ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ተጋብተንም ላም ሳልብ አይቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ ያልነገርኩት ቃል ስለገባሁ ነው። ዳይሬክተሩ ከሞተ በኋላ ግን የያዘኝ ቃሉ አልነበረም። ሳልነግረው እንዲያውቀኝ ፈልጌ ነው። ዳቦ ሳቀርብለት፣ ሳውና ውስጥ ጀርባውን ሳሽለት፣ የሸሚዙን ቁልፍ ስተክልለት፣ ዛሬ ያውቀኝ ይሆናል እላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት። በገዛ እጄ ቀንቼ ኖርኩ ብልሽ ማን ያምነኛል?

ባንቺም ቀናሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው፤ ንባቤን ያዳበርኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣና ዓሣ ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ያንቺ ስም ያለበትን ወረቀት ግን ዓሣ ቢሸትም አጥቤ አደርቀው ነበር። የጀመርሽበት የቪፑሪ ቲያትር በጦርነቱ ከነከተማው ከድንበር ወዲያ መቅረቱን አውቃለሁ። በሄልሲንኪ በአሥር ዓመት አሥራ ዘጠኝ ፊልም መሥራትሽን፣ ሁለቴ አግብተሽ ሁለቴ መፍታትሽን፣ ሰው ፊልም ቤቱን ትቶ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ወደ ታምፔሬ መድረክ መመለስሽን አውቃለሁ። አምና እዚያ የእናትን ሚና ሰጡሽ። «እናት አደረጓት!» ብዬ ለላሞቹ አወራሁላቸው። ደስ አለኝ። ከዚያ እኩያሞች መሆናችን ትዝ አለኝና ደስታዬ አላደረም።

ዛሬ ፊልሙ በቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት ቀርበሽ ነበር። ጠያቂው ጎረምሳ «ማለቡን ከየት ተማሩት?» አለሽ።

«እኔማ ላሟ ባልዲውን ደፋችብኝ!» ብለሽ ሳቅሽ። «እጆቹ የኔ አይደሉም። ሳይሚ የምትባል የመንደሩ አላቢ ናት። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያደንቅልኝ እነዚያን እጆች ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቀናሁባቸው።»

ካይሱ እንባዋ መጣ። «ምን ያለች ትሑት ሴት ናት!» አለች። ይኸውልሽ፤ ምስጢሬን እንደ ወርቅ ቋጥሬ ኖሬ፣ አንቺ በግማሽ ደቂቃ እንደ ከረሜላ በተንሽው፤ እሱም አማረብሽ። ቅናቱ እንኳ ለብቻዬ አልቀረልኝም።

ከዚያ ካይሱ ዞር ብላ አየችኝ። «ሳይሚ? የኛዋ ሳይሚ? ጉድ ነው! አንተ አርቪ፣ ስድስት ጊዜ ቲኬት የቆረጥከው ሚስትህን ልታይ ነው? ቤትህ በነፃ ነበረችልህ እኮ! ኧረ አፍህን ግጠም፤ በዚህ ብርድ ዝንብ የለም እንጂ ይገባበት ነበር።»

አርቪ አልሳቀም። ወደ ቤት ስንመለስ በበረዶው ላይ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ከእራት በኋላ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳበና «እስቲ አሳይኝ» አለ።

ዘረጋሁለት። አንጓዎቼ አብጠዋል፤ ሁለቱ ጣቶቼ ከእንግዲህ አይቃኑም። የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው አገላብጦ አያቸው።

«አይመስሉም» አለ። በክፋት አልነበረም። ያመመኝም ለዚህ ነው።

እሱ ተኛ፤ እኔ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ልሰድብሽ ነበር።

ሰኞ ጠዋት። ያደረግኩትን አንድም ሳልቀንስ ልጻፍልሽ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሣሁ። ምድጃውን ለኮስኩ። ውኃ አሙቄ ወደ በረት ሄድኩ፤ ፋኖሱን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ኦሜና ሞታለች፤ አሁን የማልባት የልጅ ልጇን ነው። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ የግራ እጄን ጀርባ ጭኗ ላይ አሳረፍኩና ጠበቅሁ።

«እንደገና አድርጊው።»

አርቪ በሩ ላይ ቆሟል። ሲገባ አልሰማሁትም።

«ምኑን?»

«የእጅሽን ጀርባ። አሁን እንዳሳረፍሽው።»

አደረግኩት። ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ኮፍያውን አወለቀ።

«ስድስት ጊዜ» አለ።

«ኮፍያህን አድርግ፤ ጆሮህ ይበጠሳል» አልኩት።

አላደረገም። አራቱንም ላሞች አልቤ እስክጨርስ እዚያው ቆሞ አየኝ። ከዚያ የወተቱን ቢዶን ተሸክሞ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ካይሱ በመስኮት እንደምታየው እያወቀ። እኔ ቤት ገብቼ ያን ጊዜ የሰጠሽኝን ቅባት ከፈትኩት። ደርቆ እንደ ሰም ሆኗል። ሽታው ግን አለ፤ ያን ጊዜ አንገቴ ላይ የቀረው ያንቺ ሽታ ነው። መልሼ ከደንኩት።

ያዋስኩሽን ዛሬ ተቀብያለሁ። ቅናቱ ገና አላለቀልኝም፤ አንቺም የራስሽን ያዥ። የወተት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ ደብዳቤውን ሹፌሩ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል።

ከክርኔ በታች ዝነኛ የሆንኩት፣
ሳይሚ