በፒዮሪያ ስትሪት ስለሰጠሁት ቅድሚያ

ለተከበሩ የመንገድ ምልክቶች፣ መብራቶችና መስመሮች ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? መኪናዎ በሰላም ውላ እንደምትገባ፣ መብራቱም ሁሉ ገና ከሩቅ ሲያይዎት አረንጓዴ እንደሚሆንልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፀዳል እባላለሁ፤ የምኖረው አውሮራ ከተማ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቅርቡ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የ15 ቁጥር አውቶቡስ ደንበኛ ነበርኩ። እንግሊዝኛም ያለችኝ ከዚያው መስኮት የለቃቀምኳት ናት፤ ከሱቅ ስም፣ ከማስታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ከእርስዎ ሰሌዳዎች። ስለዚህ እንደ አስተማሪዬ እቆጥርዎታለሁ፤ ይህም የተማሪ ምስጋና ነውና ቅሬታ ቢመስልዎ ይታገሱኝ።

1. በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና በአንድ ምሰሶ ላይ ደራርበው ስለሰቀሏቸው የፓርኪንግ ሰሌዳዎች አመሰግናለሁ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይጠቁማል፤ የላይኛው ይፈቅዳል፣ የታችኛው ይከለክላል። አንብቤ ስጨርስ የተፈቀደልኝ ሰዓት ያልቃል፤ ንባቤ ግን በጣም ተሻሽሏል።

2. በረዶ በሚጥልበት አገር የመንገዱን መስመር በነጭ ቀለም ማስመርዎ የሚደነቅ ነው። ክረምት ላይ መስመሬን የማገኘው ከፊቴ ያለውን መኪና ተከትዬ ነው፤ እሱም ከፊቱ ያለውን ይከተላል፤ የመጀመሪያው ማንን እንደሚከተል እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

3. ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል። ያቺ ተገልብጣ የቆመች ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ አንድ ቃል ብቻ ነው የተጻፈባት። ልጄን ስምረትን ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቃት ከስልኳ ፈልጋ በአማርኛ «ቅድሚያ ስጥ» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሌላው ሰሌዳ ሁሉ ቁሚ፣ አትግቢ፣ አትዙሪ እያለ ሲቆጣኝ፣ ይህቺ ብቻ ድሮውንም በየሰው በር ላይ ስቆም የማደርገውን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ያላሳለፍኩት ሰው የለም። አራቱም አቅጣጫ ቁም በሚባልበት መገናኛ ላይ ሦስቱን አሳልፌ፣ ከእነሱ ኋላ የመጡትንም ስጨምር፣ ስምረት «ማሚ፣ ጀስት ጎ!» እያለች ወንበሩን ትደበድበው ነበር።

በዚህ ሁኔታ አንድ ቀን ፒዮሪያ ስትሪት ላይ መብራት ይዞን ተሰልፈን ቆምን። በእኛ አቅጣጫ ሁለት መስመር አለ፤ እኔ በግራው ነኝ፣ የቀኙ ባዶ ነው። ከፊት ለፊቴ፣ ከወዲያ በኩል፣ ሰፈራችን የሚያከብራቸው ሽማግሌ ጋሽ ሀይለማርያም በእኔ ቀኝ በኩል ወዳለው የአፓርታማቸው ግቢ ለመታጠፍ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸውን እትዬ እታለምን ከኩላሊት እጥበት እየመለሱ ነበር። ሽማግሌ ቆሞ አይቼ እንዴት ዝም እላለሁ? ከፊቴ ክፍተት ትቼ፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ግራ እጄን ከክርኔ ሥር ደግፌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ይለፉ አልኳቸው። ሁለቱንም እጄን ከመሪው ማንሳቴን ልብ ይበሉልኝ፤ ይህ ምልክት በመመሪያዎ ውስጥ የለም። እሳቸውም አንገታቸውን ሰበር አድርገው አመሰገኑኝና ታጠፉ። በቀኙ መስመር የመጣው መኪና ግን መጋበዛቸውን አላወቀም።

ክንዳቸው ተሰበረ። እትዬ እታለም ደግነቱ አልተጎዱም።

4. ስለ አረንጓዴው መብራት የተለየ ምስጋና አለኝ። ያኔውኑ በራ። ከኋላዬ ያሉት ክላክስ አደረጉ። አረንጓዴ ሂጂ ይላል፤ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ሕግ አክብሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ምግብ ይዤ ልጠይቃቸው ገባሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጋሽ ሀይለማርያም አንዲት ሴት አሳልፋቸው እንደነበር ሲያወሩ፣ ጎረቤታችን ትርፌ «አሳለፈችኝ ይላሉ እንዴ ጋሼ? አሳልፋ ነው እንጂ የሰጠችዎት!» ብላ ቤቱን አሳቀችው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ተይ ትርፌ፣ ፀሐይ ዓይኔን መትቶኝ ፊቷን አላየሁም እንጂ ያገር ልጅ ናት። ክርኗን ደግፋ ነው የለመነችኝ። እንዲህ አድርጎ የለመነ ሰው እምቢ ይባላል?» አሉ። ወዲያው እትዬ እታለም ውሃ አቀረቡልኝ። ክርኔን ሳልደግፍ፣ እንደ ባለጌ፣ በአንድ እጄ ተቀበልኩ።

የትራፊክ ፖሊሱ የቅጣት ቲኬት የተጻፈው በእሳቸው ስም ነው። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ሊሉ ወስነዋል። መንጃ ፈቃዳቸው ከተያዘ እትዬ እታለምን ወደ እጥበቱ የሚያመላልስ ሰው የለም።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በነገር ስወጋዎት የታገሡኝ ስለማያውቁኝ ነው፤ እኔም የመረጥኩዎት ስለማያውቁኝ ነው። ይህን ሁሉ መስማት ለነበረበት ሰው ቤቱ ተቀምጬ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰሌዳዎችዎ አልበደሉኝም። ሐሙስ እኔም እመጣለሁ፤ ዳኛው ከፈቀዱልኝ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ በግራዬ ደግፌ፣ ያሳየኋቸውን ምልክት አሳያለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሁን፤ እትዬ እታለም በእኔ መኪና መቀመጥ ካልፈሩ ግን እኔ አመላልሳቸዋለሁ።

መንገድዎ ሁሉ የተጠረገ፣ መስመርዎም የሚታይ ይሁን እያልኩ፣ ከሁሉም ኋላ ለመሄድ የተስማማሁ ተማሪዎ፣
ፀዳል

ግልባጭ፦
ለጋሽ ሀይለማርያም (ዋናው የእርስዎ ነው፤ ለኃላፊው የላክሁት ግልባጩን ነው)

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት አንድ ቀን ያቺን ሰሌዳ በአማርኛ ለማጻፍ ካሰቡ፣ «ቅድሚያ ስጥ» ብለው ብቻ እንዳይተዉት እለምናለሁ። የኮልፋክሱን ምሰሶ ያየ ሰው ቦታ ጠፋ አይለኝም፤ ከሥሩ «የራስህን» ብለው ይጨምሩበት። እኔ የሰጠሁት በቀኜ የሚመጣውን ሰው መስመር ነበር።