ስፌቱ ውስጥ የተውኩልሽ ሰማያዊ

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፤ ያለሽበት አገር ሰው ሁሉ በእናት ዓይን ይይሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ የጓሮውን በር ሲጠግን ጣቱን መታና ቀኑን ሙሉ መዶሻውን ሲሰድብ ዋለ።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ገና ስብ ያልሆነችውን፣ ነገ ግን ስብ የምትሆነውን ሴል ከመሰሎቿ ለይታችሁ ቀለም ትቀቧታላችሁ አልሽ። አባትሽ «ልጄ ውፍረትን ገና ሳይፈለፈል ያዘችው!» እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። እኔስ ወዲያው ገባኝ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? የልጅ ልብስ ስሰፋ፣ ልጁ ሲያድግ የሚለቀቅ ጨርቅ ስፌቱ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ፤ ከውጭ ላየው ሰው ምንም የለም።

ስትሄጂ የሰፋሁልሽ ሰማያዊ ቀሚስ ወገቡ ላይም እንዲሁ ትቻለሁ፣ ትወፍሪያለሽ ብዬ። በላክሽው ፎቶ ላይ ግን ቀሚሱ ሚስማር ላይ የተሰቀለ መሰለኝ። የሰው ስብ ከየት እንደሚመጣ ስትፈልጊ የራስሽን ጨረስሽው እንዴ?

አደራሽን፣ ለሰፊ ሰጥተሽ እንዳታስጠብቢው። በልተሽ ይጥበብሽ። ያኔ ስፌቱን ስትተረትሪው ፀሐይ ያልነካው ደማቅ ሰማያዊ ብቅ ይላል።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ይባርከው። ብቻ ሌላ ጊዜ ፎቶ ስትልኪ ያንን ሰማያዊ ልየው።