በፊልም ቅያሬ መሐል ይጠይቁ የነበሩት የአቶ ገረሱ ኢዶሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ገረሱ ኢዶሳ ከአባታቸው ከአቶ ኢዶሳ ዱጉማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይቱ ኃይለሚካኤል በጥቅምት ወር 1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው በጨቅላነታቸው ስላረፉ ያሳደጓቸው አያታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው። ጉንፋን ቶሎ ስለሚይዛቸው አያታቸው ከደጅ አያርቋቸውም ነበር።

በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲያጠናቅቁ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፍልስፍና አጠኑ። ቤተ ዘመድ «ምን ሊበላበት ነው?» ማለቱ አልቀረም። ዘመቻ ሄደው፣ ተመስገን፣ በደህና ተመልሰው በ1970 ዓ.ም. ተመረቁ። የተመደቡት በየቀበሌው አዳራሽ እየዞሩ ፊልም እንዲያሳዩ ነው፤ ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ያስረዱ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ ደሚቱን አግብተው አያንቱን ወለዱ።

የፊልም ማሳያ ማሽኑ አንድ ብቻ ስለነበር፣ አንዱ የፊልም ጥቅል አልቆ ሌላው እስኪገባ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አቶ ገረሱ በዚያች መሐል ተመልካቾቹን ስላዩት ነገር ይጠይቋቸዋል። አያታቸው ከኋላ ወንበር ሆነው ማን እየሰማ እንደሆነ ዙሪያውን ይቃኛሉ። «ልጄ፣ ጥቅሉን ቀይርና ዝም በል፤ ፊልሙ ራሱ ይናገር» ቢሏቸው፣ «እማማ፣ ፊልም ያሳያል እንጂ አይጠይቅም» አሏቸው።

በ1975 ዓ.ም. አብነት አካባቢ ባሳዩት ፊልም አንዲት እናት ልጇን ከወታደር ደብቃለች። በሩ ሲንኳኳ ጥቅሉ አለቀ። አቶ ገረሱም «እውነቱን መናገር አለባት ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ መርየም ብቻ «አንተ ልጅ፣ ይህን እኛን ነው የምትጠይቀን? ይልቅ ቶሎ አብራው» አሉ።

በማግስቱ ተጠርተው ሄዱ፤ ሰንብተው ከስተው ተመለሱ። ከእንግዲህ በቅያሬው መሐል በድምፅ ማጉያ መዝሙር እንዲከፍቱ ታዘዙ፤ ከፈቱም። በሚቀጥለው ትርዒት ግን ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሕዝቡ አልነሳ አለ። ወይዘሮ መርየም ወደ ጎናቸው ዞረው «የዚያን ቀኗ እናት ብትዋሽ ኃጢአት ይሆንባታል?» አሉ። አንዱ መለሰ፤ ሌላው ተቃወመ። አቶ ገረሱ ሸራውን እየጠቀለሉ ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሳዩበት ሁሉ እንዲሁ ሆነ።

በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 6 ቀን 1978 ዓ.ም. በተወለዱ በ35 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው አያንቱና አያታቸው ቀርተዋል። የአዳራሹ ነገር ከዚህ የሕይወት ታሪክ ይቅር ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ አያታቸው ግን ይነበብ ብለዋል።

የማይመረመረው አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ዕቅፍ ያኑርልን። ለአያንቱም የአባቷን ጠያቂነት ከረጅም ዕድሜ ጋር ይስጥልን።