ገንዳው ውስጥ የቀረው አምባዛ

አባዬ፣ የዓሣ ገንዳህን የሚደፍነው ቀይ አፈር ትላንት በር ላይ ተራገፈ።

ከሄድክ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ሰፈራችን ሀና ማርያም ያው ናት፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ አንዳንዴ ፈረቃውንም ይዘላል። ከአርባ ምንጭ በጄሪካን ይዘሃቸው ከመጣኸው ዓሦች የቀረው አንድ አምባዛ ብቻ ነው። ቆሮሶ የምትላቸውን ትንንሾቹን ዓሦች የጨረስናቸው እኛ ነን። አንተ የቧንቧውን ውሃ ሁለት ቀን በርሜል ውስጥ ሳታሳድር አትጨምርላቸውም ነበር። «ውሃው አገሩን ይልመድ እንጂ» ስትል ቀልድ ብቻ ይመስለን ነበር። በተቀበርክ በሳምንቱ ውሃ መጣ፤ ደግ የሠራን መስሎን ጎማውን በቀጥታ ለቀቅንባቸው። ውሃው ውስጥ ያለው የክሎሪን ሽታ ግቢውን ሞላው። በማግስቱ በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

አምባዛው ተረፈ። አሁን ከክንዴ ይረዝማል፤ ለመዞር እንኳ ሰውነቱን ማጠፍ አለበት። አየር ሊስብ ብቅ ሲል እማዬ ከመስኮት ታየዋለች።

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ፣ አንተ ያላየሃት፣ ዳዴ እያለች ሄዳ ገንዳው ውስጥ ወደቀች። እማዬ ከነቀሚሷ ገብታ አወጣቻት። ወንድሜ አልጮኸም፤ «ወይ ገንዳው፣ ወይ እኛ» ብሎ አፈሩን አዘዘ። ልፈርድበት አልቻልኩም።

ዓሣውን አርደን እንብላው ስንላት እማዬ «እሱ በእጁ ያሳደገውን?» ብላ ጥላን ወጣች። ከሰፈሩ በታች ባለው ወንዝ እንዳንለቀው፣ ውሃው ጠቁሮ ከሩቅ ይሸታል። ቤቱ በሙሉ በአንድ ዓሣ ተይዟል። ታላቅ ነሽ ብለው ነገሩን ለእኔ ተዉት፤ እኔም ከእማዬና ከወንድሜ መሃል መውጫ አጣሁ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶኛል። መዘምራን ውስጥ አብሮህ የነበረው ሹፌር ጎረቤታችን በየሳምንቱ ወደ ዝዋይ ጭነት ያመላልሳል። በበርሜል ወስዶ ሐይቁ ውስጥ እንዲለቀው ለመንኩት። «አባትሽ በአውቶብስ ሲያመጣቸው መንገደኛውን ሁሉ አርጥቦ ነበር፤ መመለሻው ደግሞ በእኔ ሆነ?» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እንጂ እሺ አላለም፤ መኪናው የሌላ ሰው ነው፣ ባለቤቱን መጠየቅ አለበት።

አባዬ፣ እኔ አንተን ለማስታወስ ገንዳ አያስፈልገኝም፤ እስካለሁ ከልቤ አትወጣም። እማዬን ግን እንዲህ ብዬ ላጽናናት አልደፈርኩም።

ሹፌሩ መልሱን እሁድ ከአምልኮ በኋላ እነግርሻለሁ ብሏል። ገንዳውን የሚደፍኑት ቀን ሠራተኞች የተቀጠሩት ለሰኞ ጠዋት ነው።