ተፈታኙ ሌላ፣ ተቀጣሪው ሌላ

ለተከበሩ የአሽከርካሪዎችና የጋራዥ ሠራተኞች መጦሪያ ቁጠባ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቢሮዎ ቀዝቃዛ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ እንቅልፍዎም የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በተለይ እንቅልፍዎን። እኔ ካጣሁት ሰንብቻለሁና ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ቢተኛ ደስ ይለኛል።

ባያስታውሱኝም አልፈርድብዎትም። በማኅበሩ ውስጥ ፕሮግራሞችን የምፈትሸው ሠራተኛ ነኝ። በስብሰባ መሐል «እስቲ አታሟርቺብን» ካሉኝ ቀን ጀምሮ ባልደረቦቼ ሁሉ ሟርት እያሉ ስለሚጠሩኝ፣ እርስዎም በዚሁ ስም ቢያውቁኝ ይቀላል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በዝግ ፖስታ የላክኋቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ስላለፏቸው ነው እንጂ አደባባይ መውጣት አምሮኝ አይደለም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን የጡረተኞቹን ገንዘብ ከእንግዲህ በሰው እጅ ሳይሆን፣ ገበያውን እያየ በራሱ አክሲዮን በሚገዛና በሚሸጥ ፕሮግራም ሊያንቀሳቅስ ወስኗል። ፕሮግራሙን ባልደረቦቼ ጻፉት፤ መፈተሹ የእኔ ድርሻ ነበር። ሰኞ ጠዋት በእውነተኛው ገንዘብ ሥራ ይጀምራል ተብሏል። ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ኮምፒውተር ምርጫው አመሰግናለሁ። እኔ በማመልከቻዬ የጠየቅሁት ሁለት መንታ ኮምፒውተሮችን ነበር፤ አንዱ ለመሥሪያና ለመፈተሻ፣ ሌላው ለዋናው ሥራ፣ ሁለቱም የራሱን ስህተት የሚያርም ሜሞሪ ያላቸው፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ያልተለያቸው፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡ። ስለ መልካቸው ምንም አላልኩም። የግዢ ኮሚቴው ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ ግማሽ ቀን ተወያይቶ፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚጫወትበት፣ ጎረምሶች የጦርነት ጌም የሚጫወቱበትን ዓይነት አንድ ኮምፒውተር መረጠ። ከአባላቱ አንዱ «ለማኅበሩ ገጽታ ጥሩ ነው» ብለዋል አሉ። ሐቁን ለመናገር ማሽኑ ፈጣን ነበር። ያለፉትን ዓመታት የገበያ ዋጋ እየመገብኩ ፕሮግራሙን ለሳምንታት ፈተሽኩት፤ አለፈ። እኔም «በዚህ ማሽን ላይ ተፈትሾ አልፏል» ብዬ ፈረምኩ።

ሁለተኛ፦ ለማሽኑ ስላሳዩት ፍቅር አመሰግናለሁ። ከፈረምኩ በኋላ ሊጎበኙት መጡ፤ ወደዱት፤ እንግዶችዎ እንዲያዩት ብለው ወደ ቢሮዎ አስወሰዱት። ዛሬ ከጠረጴዛዎ አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ የተነሱትን ፎቶግራፍ ያሳያል። ፕሮግራሙ ደግሞ ድሮ የካፌ ኩፖን ያትም በነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ከጓሮ ባለው ግምጃ ቤት፣ በአሮጌ ጎማዎችና በተሰበሩ ወንበሮች መካከል ተቀምጧል። የንብረት ክፍል ኃላፊው አቤቱታዬን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ያም ኮምፒውተር ነው፣ ይህም ኮምፒውተር ነው፤ ሁለቱም ሲነኳቸው ይበራሉ» አሉኝ። በዚህ ስሌት ከሄድን በረትና ሳሎንም ሁለቱም ጣሪያ አላቸው።

ሦስተኛ፦ ስለ ወንበሬ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

አራተኛ፦ ማንም ሳያዘኝ፣ ለልምምድ በተዘጋጀ የውሸት ገንዘብ፣ ፕሮግራሙን በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ ሞከርኩት። ጠዋት ደህና ነበር። ግምጃ ቤቱ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ማሽኑ ይግላል፣ ሲግል ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ «ግዛ» ብሎ ለላከው ትዕዛዝ የመጣለትን ማረጋገጫ በጊዜው ማንበብ ያቅተዋል፤ ያልላከ ይመስለውና እንደገና ይልካል። እንደገና፣ ደግሞም እንደገና። አንዴ ብቻ ሊገዛ የታሰበውን የአንድ ፋብሪካ አክሲዮን የውሸቱ ገንዘብ እስኪሟጠጥ ድረስ ገዛው። አጠገቡ ቆሜ እያየሁት ነበር። እኔን ያስፈራኝ መግዛቱ አይደለም። ያን ሁሉ ሲያደርግ በስክሪኑ ጥግ ያለው «ሁሉም ደህና» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ አንዴም ንቅንቅ አላለም። የውሸቱ ገንዘብ ካለቀ በኋላም ሁሉም ደህና ነበር።

ያን ቀን እዚያ ልቆም የቻልኩት ቁልፉን ለምኜ ነው። ሰኞ ግን ክፍሉ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የሚኖረው በንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ነው፤ ማሽኑ በሚግልበት ሰዓት እሳቸው ምሳ ላይ ናቸው። ከውጭ ሆነን ልናቆመው የምንችልበት መንገድ እንዲበጅ ጠይቄ «በዘንድሮ በጀት አልተያዘም» ተባልኩ። እርስዎ በበኩልዎ ሪፖርቴን ሳቀርብልዎ ሳያነቡት እንኳ አንድ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ፈቀዱልኝ፤ ስለ ቸርነትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ በትጋት እያመላለሰ ይገኛል።

አምስተኛ፦ ስላከበሩልኝ ፊርማዬ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያስለጠፉት ወረቀት «አሠራሩ በባለሙያ ተፈትሾ አልፏል» ይላል፤ ከሥሩም የእኔ ፊርማ አለ። የፈረምኩት ለየትኛው ማሽን እንደሆነ የሚናገረው መስመር ግን ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ተቆርጦ ቀርቷል። መቼም በዚህ መሥሪያ ቤት ያልታመመ ማሽን የለም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ጉዳዩ የአብዬን ወደ እምዬ እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ለራሴ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ያለችው ጥሪትም እናንተ ዘንድ ያለችው ድርሻ ብቻ ናት። አዲሱን አሠራር የማይፈልግ ጡረተኛ ድርሻውን እንዲያወጣ ጊዜ የተሰጠ ሰሞን፣ እሱና የሥራ ጓደኞቹ ሊያወጡ ተሰልፈው ነበር። ሰልፉ ላይ ሳለ ማስታወቂያውን አየ፤ ፊርማዬንም አወቀው። ከሰልፉ ወጣ። ጓደኞቹንም «ልጄ ፈርማበታለች፣ ምን ያስፈራችኋል» ብሎ አንድ በአንድ መለሳቸው። ራት ላይ ይህን በኩራት አወራኝ። ነገሩን ሁሉ ስነግረው አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ሳህኑን ገፋ አደረገና «ታዲያ እነዚያን ሰዎች አሁን ምን እላቸዋለሁ?» አለኝ። ድርሻ የማውጫው ጊዜ ያን ቀን ከሰዓት ተዘግቶ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ በሰው ፊት የሚያኮራው ሀብት ኖሮት አያውቅም። ያለው ቃሉ ነው። እሱን ነው አሮጌ ጎማ መሐል ያስቀመጡት።

ስለዚህ የምለምንዎት ትንሽ ነው። ወይ ያንን ባለመብራት ማሽን ከቢሮዎ ያውርዱልንና ፎቶግራፍዎን በአልበም ያሳዩ፤ ወይ መንታውን ገዝተን እንደገና እስክንፈትሽ ድረስ ሰኞን ያራዝሙት፤ ሁለቱም ካልሆነ የእኔን ፊርማ ከማስታወቂያው ላይ ያንሱና በምትኩ የራስዎን ያኑሩ። ይህንን የመጨረሻውን ባለፈው ሳምንት ስጠይቅዎ ብዕርዎ ቀለም እንደጨረሰ ነግረውኝ ነበር፤ ከዚህ ጋር አንድ ብዕር አያይዣለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል፣ እኔ ጅቡ ሳይመጣ ጮኼያለሁ።

ጤና፣ ረጅም የሥልጣን ዘመንና ምንጊዜም አረንጓዴ የሆነ ስክሪን እየተመኘሁልዎ፣ በላቀ አክብሮትና ከእሱ በማያንስ ፍርሃት፣

ሟርት
የፕሮግራም ፍተሻ ሠራተኛ፣ የአንድ ጡረተኛ አሽከርካሪ ልጅ

ግልባጭ፦
ለግዢ ኮሚቴው
ለንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ከምሳ ሲመለሱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በእርስዎ ቅጂ ላይ ብቻ በእጄ የጨመርኩት ነው። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ዋናው በር ላይ ተለጥፏል። ዓይናቸው ማንበብ ለማይፈቅድላቸው ጡረተኞች አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦላቸዋል፤ የሰሙትም ያኔ ከሰልፉ የመለሳቸው ሰዎች ናቸው። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ተያይዘው ገቡ፤ ወደ ቤቱ የሄደ የለም። አሁን በደረጃው ወደ እርስዎ እየወጡ ነው፤ ሽማግሌዎች ስለሆኑ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። ዘበኛውን ለመጥራት አይድከሙ፤ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው፤ የሟች አባቱ ድርሻም እናንተው ዘንድ ነው።