የተዘቀዘቀው እጅጌ

ለውድ እታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ቀና አለልሽ? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ ዛሬም "ደህና ነኝ" እያለች ታታልልሻለች? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ያልወጣልኝ ንዴት በቀር ደህና ነኝ።

ያ በኢንተርኔት የገባንበት ውድድር አለቀ። እንደነገርኩሽ፣ የልብሱን ቅዶች፣ ጀርባውን፣ አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ በስክሪኑ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ከሁሉም ያነሰ ብጣሽ ያስተረፈ ነው የሚያሸንፈው። ከስፌት ቤታችን ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ቆራጩና ቁልፍ ተካይዋ።

መጀመሪያ ሽልማቱ ለቡድን ብቻ ነበር፣ እስከ ሦስተኛ ከወጣን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ስፌት መኪና። ያኔ ብታይን! የአንዱን ስህተት ሌላው እያረመ በመጀመሪያው ዙር ከመቶ ምናምን ቡድን ሦስተኛ ወጣን። ከዚያ አዘጋጆቹ በግሉ ለበለጠ ሰው በትልቅ ፋብሪካ የቅድ ክፍል ኃላፊነት ጨመሩበት። በቃ፣ የቆራጩ ዐመል ተለወጠ። የራሱን ሥራ በክንዱ ይሸፍናል፣ የእኔን ከጋራ ፎልደራችን እየወሰደ በስሙ ይልካል። ሳምንት ሙሉ ዐይኔ እስኪቀላ በደረደርኩት ሸሚዝ እሱ በግል አንደኛ ተባለ። ስጠይቀው ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ "የቡድን ሥራ አይደል እንዴ?" አለኝ።

የመጨረሻው ዙር የከፋይ ቀሚስ ነበር። የከፋይ ጠጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚተኛው፤ አንዱ ቅድ ከተዘቀዘቀ ቀሚሱ ሁለት ቀለም ይመስላል። እማዬ በማስመሪያ እጃችንን እየመታች ያስተማረችን ነው። እኔም አንዱን እጅጌ ሆን ብዬ ዘቀዘቅኩና በዚያው ብጣሹን ከሁሉም አሳንሼ ፎልደሩ ውስጥ ተውኩለት። ትክክለኛውን ለብቻዬ ላክሁ። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ የቆረጠ ሰውዬ፣ ነጥቡን ብቻ አይቶ ላፍ አደረገው! ዳኞቹ "ከፋይ የማያውቅ ቆራጭ" ብለው ተወዳዳሪ ሁሉ እያየ ሰረዙት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እታለም። ብድር በምድር።

ግን አንዱ ከተሰረዘ ቡድኑም አብሮ ይሰረዛል። ደንቡን አንብቤው ነበር፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። ቁልፍ ተካይዋ ዐይኗ እየደከመ ነው። የእጅ ስፌቱን ትታ በዚያ መኪና ቤቷ ልትሠራ አስባ፣ ከመስኮቱ ሥር አልጋዋን አንስታ ቦታ አዘጋጅታለት ነበር። ስትሰማ አልጮኸችም። አቀፈችኝና፣ "አይዞሽ፣ ያንቺንም ልፋት ውሃ በላው" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እና እባክሽን፣ እማዬ ለእኔ ይሁን ያለችውን ስፌት መኪና ላኪልኝ። ለቁልፍ ተካይዋ እውነቱን ነግሬ ልሰጣት ነው፤ ይቅር ባትለኝም መኪናው የእሷ ነው። ለቆራጩ ግን ሆዴ አይራራም። ነገ ሌላ ከፋይ ቢመጣ ሁለቱንም እጅጌ እዘቀዝቅለታለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ሁለት ጉንጮቿን፣ አባዬን ግንባሩን ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚና መኪናውን ለሰው እንደምሰጠው ንገሪያት፤ ትምህርቷን ምን እንዳዋልኩት ግን አትንገሪያት።

ታናሽሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ላይ
የካቲት ፱ ቀን